«ተመስገን፣ እየተነፈሰ ነው»

ግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። አባዬ ሲኒውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ሳይቀበል ከሶፋው ወደ ጎን ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። የ67 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል እንጂ ታመምኩ የሚል ሰው አልነበረም፤ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ደርሶ ተመልሷል።

የምናውቀውን ሁሉ አደረግን። አክስቴ ፊቱ ላይ ውሃ ረጨች። የጎረቤታችን ልጅ ሎሚ ቆርጣ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «ክብሪት ጫሩ» ያለም ነበር። እኔ እጁን ይዤ አሸዋለሁ፣ እማዬ ስሙን ትጠራለች። በዚህ መሃል አባዬ አፉን ከፍቶ ማንኮራፋት የመሰለ ረጅም ትንፋሽ ከጉሮሮው ሳበ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። አክስቴ «ተመስገን፣ እየተነፈሰ ነው!» አለች። ሁላችንም እፎይ አልን።

ወንድሜ ቪትዟን አስነሳ። አራት ሆነው በጋቢ ተሸክመው የኋላ ወንበር ላይ አስገቡት፤ እግሩ ታጥፎ፣ ራሱ ጭኔ ላይ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ወንድሜ ጥሩምባ እየነፋ፣ በእግረኛ መንገድ ሳይቀር እየወጣ ነዳ። ሆስፒታል ስንደርስ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። ሐኪሞቹ ብዙ ደከሙ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ወጥታ በለሆሳስ ጠየቀችኝ፦ «ቤት እያለ ደረቱን ተጭኖ የረዳው ሰው ነበር?»

ጥያቄው አልገባኝም። «ውሃ ረጭተንለታል» አልኳት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላም ወንድሜ ስለዚያ መንገድ ማውራቱን አልተወም። በሌላኛው መታጠፊያ ገብቼ ቢሆን፣ መብራቱን ጥሼ ቢሆን፣ አምስት ደቂቃ ብቀድም ኖሮ። እኔም አምኜው ነበር፤ አልዋሽም፣ ውስጤ ትንሽ ወቅሶታል።

ዓምና መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አዘጋጀ። ለሁለት ቀን ከሥራ መገላገል ነው ብዬ ገባሁ። አሠልጣኛችን አንጋፋ ነርስ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ስለ ድንገተኛ የልብ መቆም ሲያስረዱ አፋቸውን ከፍተው አንድ ድምፅ አሰሙን። ያው ማንኮራፋት የመሰለው ትንፋሽ ነው። «ይህን ስትሰሙ ተነፈሰ ብላችሁ እንዳትዘናጉ» አሉ። «ልቡ ቆሟል። አንጎል ነው የመጨረሻውን የሚታገለው።» ከአዳራሹ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ስመለስ የነገሩን ነገር ስሌት ነው። ልብ ሲቆም ደም ወደ አንጎል መሄዱ ይቋረጣል፤ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። ማንም ደረቱን ሳይጫን በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የእኛን ሃያ አምስት ደቂቃ በዚህ አሰላሁት። ወንድሜ አምስት ደቂቃ ቢቀድምም ለውጥ አልነበረውም። አባዬን ያጣነው መንገድ ላይ ሳይሆን ምንጣፉ ላይ ነው።

የሚቆጨኝ ደግሞ ይህንኑ ነገር ቀድመን አይተነው ነበር። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት አባዬና ወንድሜ የዴንማርክንና የፊንላንድን ጨዋታ ሲያዩ አጠገባቸው ነበርኩ። ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ሜዳው ላይ ተደፋ። ጓደኞቹ ከበው ከካሜራ ጋረዱት፤ እኛም የእነሱን እንባ እያየን አብረን አለቀስን። ከጀርባቸው ግን ደረቱ እየተጫነ ነበር፤ ከዚያም እዚያው ሣሩ ላይ ዲፊብሪሌተር በሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ልቡ ተመለሰ። የቡድኑ ሐኪም በማግስቱ እንደተናገሩት አንድ ምት ነበር የበቃው። ወደ ሆስፒታል የተወሰደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት ለብሬንትፎርድ ተሰልፏል፣ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫም ስሎቬንያ ላይ ጎል አግብቷል። እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፤ መኪናውን አስቀደምን።

ሥራው ራሱ ከባድ ትምህርት አይጠይቅም፣ ጉልበት ግን ይጠይቃል። ሰውዬው ሲጠሩት ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ከሌለ ወይም እንደ አባዬ ከሆነ፣ አንድ ሰው 907 ወይም 939 ይደውላል፤ ሌላው ወለሉ ላይ በጀርባው አስተኝቶ ይንበረከካል። አልጋና ሶፋ ስለሚሰምጥ አይሆንም። የአንዱን እጅ መዳፍ ግርጌ ደረቱ መሃል አጥንቱ ላይ፣ ሌላውን እጅ በላዩ፣ ክርን ሳይታጠፍ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። ከዚያ ደረቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ መልቀቅ፣ እንደገና መጫን፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። አፍ ለአፍ መተንፈስ ያልሠለጠነ ሰው ለአዋቂ መጫኑ ብቻ ይበቃዋል፤ ለሕፃናትና ውሃ ውስጥ ለሰጠመ ሰው ግን ትንፋሹም ያስፈልጋል። የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ «የተሰበረ አጥንት ይጠገናል» አሉን ነርሷ። እኔ በፕላስቲኩ አሻንጉሊት ላይ ሁለት ደቂቃ ሳልሞላ ክንዴ ዛለ። ለዚህ ነው በየሁለት ደቂቃው መቀያየር ያለብን። ያን ዕለት ቤታችን አሥራ አንድ ሰው ነበር።

ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም። አምቡላንስ ቶሎ በሚደርስባቸው አገሮች እንኳ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመ ሰዎች የሚተርፉት ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው። አባዬም ምናልባት አይተርፍም ነበር። ይህን ማታ ማታ ለራሴ እነግራለሁ፤ አንዳንዴ ይረዳል።

ለወንድሜ ለመንገር ሦስት ወር ፈጀብኝ። እሱን ከመንገዱ ነፃ ላወጣ ስል ጥፋቱን እማዬን ጨምሮ ለሁላችንም ማከፋፈሌ ነው። አንድ ቅዳሜ እማዬ ቤት ሳሎን ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«መኪናው ውስጥ እያለ ብትጫኚውስ?» አለኝ።

«ታጥፎ ነበር እኮ። ወለል ይፈልጋል።»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ የሶፋውን ትራስ አንሥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ተንበረከከ። ቦታውን አሳየሁት። ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቆጠረ ይጫን ጀመር። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ «ልቀበልህ» ብለው እምቢ አለ፤ ላቡ ትራሱ ላይ ይንጠባጠባል። እማዬ ቆጠራውን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፣ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

ወንድሜ መጫኑን ሳያቆም ትንሽ ወደ ጎን ተጠጋላት። «ነይ እማዬ፣ ጫማሽን አውልቂና ነይ» አላት።