ለዘር የቀረው

መተማ ሲባል የትምህርት ጓደኞቼ የሚያነሡት ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ሜዳ ነው። እኔ ግን የማስታውሰው የእናቴን ባሚያ ነው።

ባለፈው ሳምንት በስድስት ኪሎ ግቢ አንድ አትክልተኛ ጽጌረዳ ሲቆርጡ አየሁና፣ «አባባ፣ ምነው አበባውን?» አልኋቸው። «የጠወለገውን ነው እንጂ ልጄ፤ ካልተቆረጠ ፍሬ ልያዝ ብሎ ማበቡን ይተዋል» አሉኝ። ይህን ትምህርት እኔ ቀደም ብዬ፣ ያውም ዋጋ ከፍዬ ተምሬዋለሁ።

ባሚያ የጥጥ ዘመድ ነው። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች አድርቀው ፈጭተው «ወይካ» ይሉታል። ብጫው አበባ ጧት ፈክቶ ማታ ይጠወልጋል፤ ፍሬው በጥቂት ቀን ይደርሳል። በየሁለት ቀኑ ካልተቀጠፈ ግን ይደድራል፤ ተክሉም ጉልበቱን ለዘሩ ሰጥቶ አበባ ይነሣል።

አንድ ክረምት እናቴ ወባ ይዟት ተኛችና ቅጠፋው በእኔ ላይ ወደቀ። እኔም «ትልቅ ሲሆን ብዙ ያወጣል» ብዬ ተውሁት። እርሷ ስትነሣ ፍሬው እንጨት ሆኗል፤ የሚያብብም የለም። የደብተሬ ገንዘብ ከዚያ ነበር።

አልተቆጣችኝም። የደደረውን ሁሉ ቆረጠች፤ አንድ እግር ብቻ ሳትነካ አለፈች። «ይህስ?» ብላት፣ «ለዘር ነዋ! ሁሉ ከተቀጠፈ ለከርሞ ምን ልንዘራ?» አለችኝ። ከሳምንታት በኋላ የተቆረጠው እንደገና አበበ፤ ለደብተሬ ግን አልደረሰልኝም።

ዛሬ እኔ ተቀጥፌ እዚህ ደርሻለሁ። ታናሽ እኅቴ ግን ትምህርቷን ትታ እናቴን ለመርዳት ቀረች። ገንዘብ እንዲልኩልኝ በጠየቅሁ ቁጥር ያ ለዘር የተተወው እግር ይታወሰኛል።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ በእናንተስ ደጅ የቀረው ማን ነው?