ዓባይ በረሃን ስንወርድ

ስለ አየር፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ድንጋይና ስለ ውኃ የተማርነውን ዛሬ አብረን እንከልሳለን። የምንከልሰው ግን በሰሌዳ ላይ አይደለም። መኪና ተሳፍረን፣ በመንገድ ላይ ነው።

ጉዟችን ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ደጀን ያደርሰናል። ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ደጀን ከማዶ፣ በጎጃም በኩል ናት። ለወፍ ቅርብ ናት። ለሰው ግን በመካከል የዓባይ ሸለቆ አለ። አገሬው ዓባይ በረሃ ይለዋል። አፋፉ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ታች፣ ድልድዩ ዘንድ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ወርዶ እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል።

ጊዜው ነሐሴ ነበር። ጎሐ ጽዮን በጉም ተሸፍናለች። ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቧል። እኛ አንድ ባዶ የውኃ ላስቲክ፣ ያንን ሃይላንድ የሚሉትን፣ ክዳኑን አጥብቀን ዘጋንና አጠገባችን አስቀመጥነው። ውስጡ ምንም የለም አትበሉ። አየር አለበት፤ የጎሐ ጽዮን አየር።

ጥቂት እንደ ወረድን ጆሯችን ተደፈነ። ምራቃችንን ስንውጥ ተከፈተ። ላስቲኩም ጎኑ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። ማንም አልነካውም።

“ኧረ ማን ጨመቀው?” አሉ ከፊታችን የተቀመጡ እናት።

የጨመቀው አየር ነው። አየር ክብደት አለው። የጭድ ክምርን አስቡ። ከጫፍ ያለው ጭድ ልል ነው። ከሥር ያለው ግን የላዩ ተጭኖት የታመቀ ነው። አየርም እንዲሁ ነው። በወረድን ቁጥር ከላያችን የተከመረው አየር ይበዛል፤ ይበልጥም ይጫናል። ይህ የአየር ግፊት ይባላል። የጎሐ ጽዮን አየር ልል ስለሆነ የቆላውን አየር መቋቋም አቃተው፤ ላስቲኩም ተጨመደደ።

ደጋ ላይ ባቄላ ብዙ እንጨት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። በጎሐ ጽዮን ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሚጫነው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይንተከተካል። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ያንሳል፤ ባቄላውም ይዘገያል። እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ “ታዲያ ጥፋቱ የእኔ አልነበረማ!” ብለው ሳቁ።

ጋቢው አንድ በአንድ ይወልቅ ጀመር። አንድ ወጣት ጠየቀ። “ደጋው ለፀሐይ ይቀርባል። ታዲያ ለምን ይበርዳል?” መልካም ጥያቄ ነው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚህ ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢቀነስ ለፀሐይ ምኗም አይደለም። ፀሐይ በይበልጥ የምታሞቀው መሬቱን ነው። መሬቱ ደግሞ አየሩን ያሞቃል። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል።

ግማሽ መንገድ ላይ መኪናው ቆመ። ፍሬኑ ግሎ ይሸታል። መዳፋችሁን አፋትጉት፤ ይሞቃል። ፍሬንም ሥራው መፋተግ ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ቢወርድ ኖሮ ባልጋለ ነበር፤ ይህን ግን ለእርሱ አልነገርነውም። “እስኪበርድ ውረዱ” አለ ረዳቱ። ወረድን። ከመንገዱ ዳር ከሚወርደው ቦይ በአንድ ጠርሙስ ደፍራሽ ውኃ ቀዳን።

መንገድ የተቆረጠበት ገደል እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው። ከላይ ያለፍነው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ባዛልት ይባላል። ከእርሱ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ ከእርሱ ይሠራል። ጥቂት ፈቅፍቀን በዱቄቱ ላይ ሎሚ ጨመቅንበት። ሎሚውን የሰጡን እናታችን ናቸው፤ መኪና ስለሚያዞራቸው ሲያሸቱት ነበር። ዱቄቱ አረፋ ደፈቀ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ስንሞክር ምንም የለም። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የዛጎል ቅርጽም አገኘን። ዛጎሉ የባሕር እንስሳ ቤት ነበር። ይህ አገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ነበር። 150 ጻፉና ስድስት ዜሮ ጨምሩበት።

አንድ ጎጃሜ አባት ዛጎሉን በጣታቸው ዳሰሱት። “እዚህ? ባሕር?” አሉ። ከዚያ ዝም አሉ።

ከኖራ ድንጋዩ ሥር ጀሶና ጭቃማ ድንጋይ አለ። ይህ ለስላሳ ነው። ውኃ ሲገባበት ይላሽቃል። ከላዩ ያለው ከባድ ነገር ሁሉ በእርጥብ ጭቃ ላይ እንደ ተቀመጠ ጋን ነው። እዚህ አስፋልቱ በየቦታው ተሰንጥቋል፤ አንዳንዱ ቦታ ሰምጧል። በየክረምቱ ይጠገናል፣ በየክረምቱ ይሄዳል። ይህ የመሬት መንሸራተት ይባላል።

ዝም ያሉት አባት ያን ጊዜ ተናገሩ። “ከቤቴ በላይ መሬቱ እንዲህ ተሰንጥቋል። አምና እጅ አያስገባም ነበር። ዘንድሮ ክንዴ ይገባል።”

ሳቃችን ቆመ። የሚከተለውን ለእሳቸው እንደ ነገርናቸው ለእናንተም እንጽፋለን።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ዝናብ ያራሰው ኮረብታ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት እንደ ወጉ ለርዳታ ሮጠ። ሰው ለማውጣት ሲቆፍር ኮረብታው ዳግመኛ ተናደ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ ሌላውን ሊያድኑ የመጡ ነበሩ።

መሬት ሊናድ ሲል ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያል። ስንጥቁ ይሰፋል። ዛፍና አጥር ወደ ቁልቁለት ይዘማል። ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ይላል። ምንጭ ባልነበረበት ውኃ ይፈልቃል፤ የጠራው ምንጭም ይደፈርሳል። ስለዚህ ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ሁለት ችካል ትከሉ። መካከሉን በሲባጎ ለኩ፤ ሲባጎው ላይ ቋጠሮ አድርጉ። ከዝናብ በኋላ እንደገና ለኩ። ቋጠሮው ካልደረሰ መሬቱ እየሄደ ነው። ጎርፉ ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ ከላይ ቦይ ቆፍራችሁ ወደ ጎን ምሩት። ስንጥቁ የሚሰፋ ከሆነ ቤተሰቡ ሌላ ዘንድ ይደር፤ ለቀበሌም ይነገር። የተናደ ቦታ ለርዳታ ስትሄዱ ደግሞ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ላይ ላዩን ይይ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ አይቆፍር።

“ችካሉስ ምን ያህል ይጠልቃል?” አሉ አባት።

“ክንድ ያህል፣ አባባ። እንዳይነቃነቅ።”

መኪናው ተነሣ። በጃፓን መንግሥት ርዳታ በተሠራው ድልድይ ዓባይን ተሻገርን። ወንዙ የጠላ ድፍድፍ ይመስላል። ይህን ሁሉ ሸለቆ የቆፈረው እርሱ ነው። ወፍጮ ሲፈጭ ውሎ ሲያድር ድንጋዩ እያለቀ ይሄዳል፤ እንወቅረዋለን። ዓባይም በያዘው አሸዋና ጠጠር አለቱን ሲፈጭ ሚሊዮን ዓመታት ኖሯል።

ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ተመለሰ። ላስቲኩም ጎኑን እያቃና፣ ደጀን ስንደርስ ልክ እንደ መጀመሪያው ሆነ።

ደጀን ላይ ሻይ ቤት ገብተን የቦዩን ውኃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሻዩ ተጠጥቶ ሳያልቅ አሸዋው ከታች ዘቀጠ። በላዩ ላይ ደቃቁ አፈር ተኛ። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ደፈረሰ ቀረ። ጥቁር አፈር ነው፤ የማሳ አፈር። ይህ ቦይ ዓባይ ይገባል። ዓባይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ይደርሳል። ውኃው እዚያ ሲያርፍ በጠርሙሱ ውስጥ ያየነው ይሆናል፤ አፈሩ ይዘቅጣል። እርከን በሌለው ማሳ ሁለት ጊዜ እንከስራለን። ማሳው ይሳሳል፤ ግድቡም በደለል ይሞላል።

አባት ጠርሙሱን አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት። “የእኔም ማሳ ከዚህ አያመልጥም” አሉ። ከዚያ ሻይ ቤቱን ሲባጎ ለመኑ። ሁለት ክንድ የሚሆን ተሰጣቸው። ጠቅልለው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። ደጅ ላይ ዝናብ ይጥል ጀምሯል። ያባራል ብንላቸው አልጠበቁም፤ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።