ጠበቃን ያማሁ ቀን



ጥያ ላይ ከመግሪብ በኋላ ቁርአን የሚቀራብኝ አንድ ልጅ ነበር። አንድ ቀን «ኡስታዝ፣ ሕግ መማር እፈልጋለሁ፤ ምን ይሉኛል?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ጠበቃ ለበዳይ ተከራካሪ ነው፤ ይቅርብህ» አልኩት። ለከዳተኞች መከራከርን የሚከለክለውን የሱረቱ ኒሳእ 105ኛ አያም ጠቀስኩለት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ማታ ግን ልቤ አላረፈም፤ ተፍሲር ገለጥኩ። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት አያው የወረደው መዲና ውስጥ ጥሩር ተሰርቆ ሌባው ወንጀሉን በአንድ ንጹህ አይሁዳዊ ላይ በጣለ ጊዜ ነው። የሌባው ወገኖች ሊከራከሩለት መጡ፤ ወሕዩ ግን አይሁዳዊውን ነጻ አወጣው። ሱብሓነላህ! ልጁን ለመከልከል የጠቀስኩት አያ ለካ በሐሰት የተከሰሰን ሰው የሚታደግ ነበር።

ያኔ ጠበቃ ተማም አባቡልጉ ትዝ አሉኝ። ከአወሊያ የተነሳውን የ«ድምፃችን ይሰማ» ጥያቄ እንዲያቀርቡ ሕዝበ ሙስሊሙ የወከላቸው ኮሚቴዎች ሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 ተከሰሱ። ፍርድ ሳይሰጥ በ2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ንጹህ ይቆጠራል፣ ጠበቃም ይኖረዋል ይላል። ብዙዎቻችን ቤታችን ውስጥ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስናወራ፣ ተማም ከባልደረቦቻቸው ጋር ችሎት ፊት ቆመው ተከራከሩ።

ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደ። ኡስታዝ አቡበክር አሕመድ የተፈቱት በ2010 ነው። «ታዲያ ጠበቃው ምን ፈየደ?» የሚል ይኖራል። ክሱ ያለ መልስ እንዳይቀር አደረገ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም በዚችው ሀገራችን በነጃሺ ፊት ለስደተኞቹ መልስ የሰጡት በአንደበታቸው ነው።

በማግስቱ ልጁን ጠርቼ «ትናንት ተሳስቻለሁ፤ አፉ በለኝ። ሂድና ተማር» አልኩት። «ግን አማና አለብህ። ነገ የተከሰሰው ከእኛ ወገን ባይሆንም፣ በእምነቱ ባይመስልህም፣ ከተበደለ አጠገቡ ቁም።»

አላህ በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ ከሚቆሙት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።