የጎረቤት ትኬት

በኔቫዳ ግዛት፣ በቦልደር ሲቲ ከተማ፣ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቤት ውስጥ ግንቦት በመጣ ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ። አባት ላስ ቬጋስ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ ጸጥታ ፍለጋ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደዚህች ትንሽ ከተማ ከመጡ ሰንብተዋል። ልጃቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ኢዲሲ በሚል ምኅጻር ወደሚታወቀው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል የሚገባው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ነውና የዕድሜው ሰበብ ከእጃቸው ወጥቷል። የቀራቸው የዋጋው ሰበብ ነው።

ሦስተኛው ቡና ከተቀዳ በኋላ ልጅቷ ስልኳን ለአባቷ ታሳያለች። ለሦስት ሌሊት የሚያገለግለው ተራ ትኬት፣ የአገልግሎት ክፍያው ሲታከልበት፣ ከ400 ዶላር ያልፋል። ይህን ድምር ገና ከመነሻው ማየት መቻሏም አዲስ ነገር ነው። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ፣ ትኬት ሻጮች ትንሹን ቁጥር ፊት ለፊት ሰቅለው የቀረውን ክፍያ በመጨረሻው ገጽ ላይ ማስከተል ልማዳቸው ነበር። አባት ቁጥሩን አይተው "አራት መቶ ዶላር ለጩኸት!" ይላሉ። የልጅቷ ቅሬታ ግን ሌላ ነው።

"አባዬ፣ ውድ ነው አላልኩም። ከቶኪዮ የሚመጣውም እኔም እኩል መክፈላችን ነው የገረመኝ። እኛ እኮ እዚሁ ነው የምንኖረው።"

"አንቺ የምትኖሪው ቦልደር ሲቲ ነው፤ እሱ የሚጮኸው አርባ ማይል ርቆ። በምን ሂሳብ ነው ጎረቤት የሆንሽው?"

አባት ይህን ሲሉ ለማሾፍ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን በዓለም ዙሪያ በትልልቅ ፌስቲቫሎች አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ የሚያነሱት ነው። ለአካባቢው ነዋሪ የሚሰጥ ልዩ ትኬት ምንድን ነው? ስጦታ ነው? ካሳ ነው? ወይስ የይሁንታ ዋጋ? ሦስቱ የሚያስከትሉት ፖሊሲ የተለያየ ነውና ልዩነቱን መለየት ያስፈልጋል።

ቦልደር ሲቲ ይሁንታ ምን እንደሆነ ጠንቅቃ የምታውቅ ከተማ ናት። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1931 የሁቨርን ግድብ ለሚሠሩ ሠራተኞች ቆረቆራት። ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ ያደረገችው በዚያው ዓመት ነበር፤ በቦልደር ሲቲ ግን ቁማር ታገደ፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1960 የራሷን አስተዳደር ስታቋቁምም እገዳውን ይዛ ቀጠለች። መጠጥ መሸጥ እንኳ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ነዋሪዎቿ በዓመት የሚሠሩ ቤቶችን ቁጥር የሚገድብ ደንብ አወጡ። ከአንድ ኤከር የሚበልጥ የከተማ መሬት ለመሸጥም የመራጩ ሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አጥር ያጠሩት አሥራ አምስት ሺህ ያህል ሰዎች፣ በቆዳ ስፋት ከግዛቲቱ ከተሞች ሁሉ የሚልቅ መሬት ይዘው ነው። ነገር ግን ሁሉንም እምቢ አላሉም። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለውን የኤልዶራዶ ሸለቆ በረሃ ለፀሐይ ኃይል አመንጪዎች አከራይተው፣ ከኪራዩ የከተማቸውን በጀት ይደጉማሉ። ሰዎቹ ለውጥን የሚጠሉ ናቸው ለማለት ያስቸግራል፤ አስቀድመው መጠየቅን የሚወዱ ናቸው ቢባል ይቀርባል።

በጥቅምት መጀመሪያ በመናፈሻዎቿ ውስጥ የሚደረገው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ይህንኑ ጠባይ ያሳያል። እንግዳው ሲጎርፍ ነዋሪው በገዛ ደጃፉ መኪና የሚያቆምበት ያጣል። ሆኖም መግቢያው ነጻ ነው፤ ገቢውም የከተማዋን ሆስፒታል ይደግፋል። ለሁለት ቀን መንገድ የተዘጋበት ሰው ያንን ሆስፒታል አንድ ቀን ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ካሳው በትኬት መልክ ባይመጣም ይደርሰዋል።

ኢዲሲ ከዚህ ፍጹም የተለየ ፍጥረት ነው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በቅርብ ዓመታት በእያንዳንዱ ሌሊት ከ150 ሺህ በላይ ሰው ይገባበታል፤ ይህም የቦልደር ሲቲን ሕዝብ አሥር እጥፍ ነው። ሙዚቃው ምሽት ላይ ተጀምሮ ጎህ ሲቀድ ያበቃል፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲወጣ 15 ቁጥር አውራ ጎዳና ለሰዓታት ይታነቃል። የአባት ሥራ የሚደራው ያን ጊዜ ነው። ሌላ ጊዜ በሳምንት የሚያገኙትን በሦስት ሌሊት የሚያገኙበት ወቅት ነውና፣ በፌስቲቫሉ ላይ ክፉ ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ብዙም ጽናት የለውም። ልጅቷም ይህን ታውቃለች። "የነዋሪዎች አስተያየት" የሚባለው ነገር በአንድ ገበታ ዙሪያ እንኳ አንድ አይደለም፤ ተጠቃሚውና ተጎጂው አንዳንዴ አንድ ሰው ነው፤ ማክሰኞ ሌላ፣ ቅዳሜ ሌላ።

ለኢኮኖሚስት የአባት አቋም ቀላሉ ነው። ትኬቱ ውስን፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ በርካሽ ከተሸጠ በማግስቱ በዳግም ሽያጭ ገበያ ላይ በእጥፍ ይገኛል፤ ለነዋሪ የታሰበው ቅናሽም ደላላ ኪስ ገብቶ ይቀራል። ይህ ትንተና ስሕተት የለበትም፤ የጎደለው ነገር ግን አለ። ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ክኔች እና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ተፈላጊነቱ ድንገት የጨመረ የእግር ኳስ ጨዋታ ትኬት እንዴት ቢከፋፈል ፍትሐዊ እንደሚሆን ሰዎችን ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ ሰልፍን መረጡ፤ ዕጣን የመረጡትም ጥቂት አልነበሩም፤ ጨረታን የደገፈው ከቁጥር የማይገባ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት በቅልጥፍናው የሚያወድሱትን መንገድ ሕዝቡ ከሁሉ የከፋ አደረገው። ይህን አለማወቅ ብሎ ማለፍ የሙያው የቆየ ትዕቢት ነው። ሰልፍ የሚጠይቀው ጊዜንና ቅርበትን ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ለነዋሪው የሚቀርቡ ሀብቶች ናቸው። ዛሬ ሰልፉ ወደ ስልክ ገብቷል፤ ቅርበትም ዋጋውን አጥቷል። የልጅቷ ቅሬታ ሥሩ እዚህ ይመስላል፤ ድሮ በማለዳ ተነሥቶ በር ላይ መሰለፍ የሚችል የሰፈር ልጅ የነበረው ብልጫ ተወስዶበታል፤ በምትኩ የተሰጠው ነገር የለም።

ኔቫዳ ከትኬቱ ድርሻዋን አትረሳም። እ.ኤ.አ. በ2015 በተሻሻለው ሕግ መሠረት በቀጥታ ትርዒት መግቢያ ዋጋ ላይ 9 በመቶ ግብር ይጣላል። ከ400 ዶላር ላይ 36 ዶላር ማለት ነው። ገንዘቡ በዋናነት የሚገባው ካርሰን ሲቲ ወዳለው የግዛቲቱ ጠቅላላ ካዝና ነው፤ የሚታነቀው መንገድ፣ ሌሊቱን ሲርገበገብ የሚያድረው መስኮት ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ነው። መቀመጫቸው ኔቫዳ የሆነ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ጨዋታ ከዚህ ግብር ነጻ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያስገርማል። ሕግ አውጪዎቹ "የአገር ቤት" የሚል መለያ በትኬት ዋጋ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ያውቃሉ፤ መለያውን የሰጡት ግን ለሚጫወተው ቡድን ነው፤ በዙሪያው ለሚኖረው ሰው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በከተማዋ አውራ ጎዳና ላይ የተካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር ይህን ልዩነት ለላስ ቬጋስ ነዋሪ በግልጽ አስተምሮታል። ለወራት አስፋልት ሲታረስ፣ መንገድ ሲዘጋ ከርሞ፣ የባለቤቱ ኩባንያ የሊበርቲ ሚዲያ ሥራ አስኪያጅ ገና ውድድሩ ሳይጀመር ነዋሪዎችን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። የመጀመሪያው ልምምድ መንገዱ ላይ ባለ የውኃ መስመር ክዳን ምክንያት ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ተቋረጠ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ተመልካቹ ሁለተኛውን ልምምድ ሳያይ ከሥፍራው እንዲወጣ ተደረገ። የዚያን ሌሊት ብቻ ትኬት ለገዙ ሰዎች የቀረበላቸው በውድድሩ ሱቅ የሚሠራ የ200 ዶላር ኩፖን ነበር። ከቁጣ በኋላ የሚመጣ ቅናሽ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ሥጦታ ተብሎ ቢሰጥም ተቀባዩ እንደ አፍ ማዘጊያ ያየዋል።

ተቃራኒው ምሳሌ ከእንግሊዝ ገጠር ይገኛል። የግላስተንበሪ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ ፓውንድ መግቢያ፣ ከእርሻው ወተት በነጻ እየታደለ፣ በአንድ ገበሬ መሬት ላይ ተጀመረ። በ2000 ብዙ ሺህ ሰው አጥር ዘልሎ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ፌስቲቫሉ አልተካሄደም፤ ሲመለስም ግዙፍ አጥር ይዞ ተመለሰ። ጥያቄው ሰው እንዳይገባ ማድረግ ብቻ አልነበረም፤ ፈቃድ ሰጪው ምክር ቤት የሚያዳምጠው የአካባቢውን ነዋሪ ነው። ስለዚህ እርሻው የሚገኝበት የፒልተን ነዋሪ በነጻ ይገባል፤ በዙሪያው ያሉ መንደሮች ለእሑድ ብቻ የሚያገለግል ርካሽ ትኬት ያገኛሉ። ክበቡ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲጠብ መብቱ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮም ትኬቱ ፎቶ ያለበትና ለሌላ የማይተላለፍ ሆነ፤ አባት በትክክል የፈሩትን ደላላ ከመንገድ ያወጣው ይኸው ነው። የፒልተን ሰው የሚያገኘው ትኬት ምጽዋት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ላይ እምቢ ማለት የሚችል ሰው የሚከፈለው ዋጋ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ አባት ግማሽ እውነት አላቸው። ቦልደር ሲቲ ከሜዳው አርባ ማይል ርቃ የፒልተንን መብት ልትጠይቅ አትችልም፤ ነጻ ትኬት ቢኖር ቀዳሚ ባለመብቶቹ በሜዳው ዙሪያ ያሉት ሰፈሮች ናቸው። የልጅቷም ግማሽ ግን አለ። የኔቫዳ ነዋሪ ሁሉ መንገዱን ይጋራል፣ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሉን ይጋራል፤ ለዚህ የሚገባው መልስ ቅናሽ ትኬት ሳይሆን ከዚያ 9 በመቶ ላይ ተቆንጥሮ ሸክሙ ወዳረፈበት ቦታ የሚመለስ ድርሻ ነው። ይህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚያስደስት መልስ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

"የአካባቢ ሰው ማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 ለቦብ ማርሌይ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲገኝ መግቢያው ነጻ ነበርና ማንም ማንነቱን አልተጠየቀም። ላሊበላ ላይ ግን ለዓመታት የውጭ አገር ሰው 50 ዶላር ሲከፍል ኢትዮጵያዊው ይህ አይመለከተውም ነበር። በዚያ መስኮት ፊት የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ የደሴ ልጅ ምን ይባላል? አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለውን፣ ሰጥቷል፤ በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ የሚዳኘው አንደበት ነው። ነጠላ አጣፍታ፣ ጠባቂውን "እንደምን አደሩ አባቴ" ብላ የምታልፍ እናት ካርድ አታወጣም። አብሯት ያለው፣ አማርኛው የሚሰባበረው ልጇ ግን ይጠየቃል። ልዩ ዋጋ ባለበት ሁሉ ድንበር አለ፤ ድንበር ባለበትም የሚፈትሽ ሰው አለ። በኔቫዳ ያ ፈታሽ የመንጃ ፈቃድ ላይ ያለ አድራሻ ነው፤ ቢያንስ አነጋገርን አይሰማም።

ልጅቷ ይህን የላሊበላ ነገር ታስታውሳለች፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ የተጠየቀችው እሷ ነበረች። "እዚያ ስሄድ የውጭ ሰው ነሽ ተባልኩ፤ እዚህ ደግሞ ጎረቤት አይደለሽም ትለኛለህ" ስትል አባት ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ለዚህ የሚሆን ቀልድ አልነበራቸውም።

በመጨረሻ ትኬቱ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ተያዘ፤ የመጀመሪያውን ክፍያ እናት ከፈሉ። አባት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙዚቃው ጎህ ሲቀድ ሲያበቃ፣ እሳቸው በዚያ ሰዓት ከሜዳው ውጭ ባለው የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ስለሚሆኑ፣ በየትኛው በር እንደምትወጣ ከወዲሁ ትንገራቸው።

"ሜትሩን ታስነሣብኛለህ?" አለች።

"ለቦልደር ሲቲ ነዋሪ ቅናሽ አለ" አሉ።