አባቶቻችንን ምን እንበላቸው?

ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በባቢሌ ያደግን ተማሪዎች አንድ ነገር እናውቃለን። ግመል ሲያነክስ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ አባት ግን ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ለሽንት ሲነሡ ለልጅ ቀርቶ ለሚስትም አይናገሩም። ነውር ነውና። የአንዳችን አባት ወገባቸውን እያመማቸው «ብርድ ነው» ሲሉ ዓመት ከረሙ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ነቀርሳው ከፕሮስቴት ተነሥቶ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በመኝታ ክፍላችን ክርክሩ አልበረደም።

ፕሮስቴት ከወንድ የሽንት ፊኛ በታች ያለች፣ ከዘር ፈሳሽ ከፊሉን የምታመነጭ እጢ ናት። ነቀርሳዋ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። የሽንት መቸገር እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዕድሜ ምክንያት እጢዋ ስታድግ ነው እንጂ ከነቀርሳ አይደለም። ታዲያ ዝም ያለውን በሽታ ማን ይመስክርበት?

ሳይንስ ያገኘው ምስክር ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ፕሮቲን ነው። እጢዋ ትሠራዋለች፤ ጥቂቱም ወደ ደም ያልፋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ሕሙማንን ለመከታተል፣ በ1994 ደግሞ በሽታውን ለመፈለግ እንዲያገለግል ተፈቀደ። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ4 ናኖግራም ሲበልጥ ያጠራጥራል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተሠርቶበታል። ነገር ግን ምስክርነቱ ስለ እጢዋ እንጂ ስለ ነቀርሳው ብቻ አይደለም፤ የእጢዋ ማደግም ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ሌሎች ምስክሮች ተፈለጉ። ከሌላ ፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ በደም የሚዞረው የፒ.ኤስ.ኤ. ድርሻ ሲያንስ ጥርጣሬው ይጨምራል። በሽንት የሚታየው ፒ.ሲ.ኤ.3 ደግሞ፣ መጀመሪያ በተወሰደ ናሙና ነቀርሳ ላልተገኘበት ሰው ሌላ ናሙና ያስፈልገው እንደ ሆነ ለመወሰን እንዲረዳ በ2012 ተፈቀደ።

ጥቅሙስ? በ7 የአውሮፓ አገሮች ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 69 በሆነ ወንዶች ላይ የተደረገው ጥናት በ2009 ሲታተም፣ ምርመራው በበሽታው የሚሞቱትን በ20 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ሆኖም አንድ ሰው ለማዳን 1410 ሰዎች ለምርመራ መጠራት፣ 48 ተጨማሪ ሰዎችም መታከም ነበረባቸው። ሕክምናው ደግሞ ሽንት መቆጣጠርንና የወንድነትን ኃይል ሊያሳጣ ይችላል።

አንዳንዶቻችን «ሁሉም ይመርመር!» አልን። ሌሎቻችን «ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ሐኪም በሌለበት ከተማ ቁጥር ብቻ መስጠት ፍርሃት ማከፋፈል ነው» ስንል ተቃወምን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የተስማማነው በዚህ ነው፤ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው አደጋው ሁለት እጥፍ ያህል ነውና፣ የአባት ዝምታ የልጅም ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ፣ በኦሮምኛም ይሁን በሶማልኛ ወይም በአማርኛ፣ አባቶቻችንን በአክብሮት እንጠይቃቸው። ደማቸው ከመቀዳቱ በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር እናስረዳቸው። መመርመሩን ወይም መተዉን የሚወስኑት ግን እሳቸው ናቸው።