የጥቅሉ መንገድና የጥቅሉ ምስክር፦ የአፕት መመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነበብ

አንድ ሶፍትዌር ከዋናው ሰርቨር በቀጥታ ቢወርድ ወይም በፍላሽ ተጭኖ በወረታ በኩል ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ቢደርስ፣ ለዴቢያን የጥቅል አስተዳዳሪ ለአፕት ልዩነት የለውም። አፕት የሚመረምረው ጥቅሉ በየት በኩል እንደመጣ ሳይሆን ማን እንደመሰከረለት ነው። ኢንተርኔት በማይቋረጥበት አገር ይህ ሐሳብ ብዙም አይስተዋልም፤ ከጉና ተራራ ግርጌ ባለችው ከተማ ግን የዕለት ሥራ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ለጥናቱ የስታቲስቲክስ ወይም የካርታ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ተማሪ ከሰው እጅ ቅጂ ከመቀበል የተሻለ ምርጫ አልነበረውም። ታዲያ የተቀበለውን ቅጂ በምን ይመን?

መልሱ በአፕት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። እያንዳንዱ የጥቅል ማከማቻ አንድ የመግለጫ ፋይል አለው፤ በእርሱም ላይ የዴቢያን ዲጂታል ፊርማ ያርፍበታል። መግለጫው የጥቅሎቹን ዝርዝር የአሻራ ቁጥር ይይዛል፤ ዝርዝሩ ደግሞ የእያንዳንዱን ጥቅል አሻራ ይይዛል። ከጥቅሉ አንዲት ባይት ብትለወጥ አሻራው አይገጥምም፤ አፕትም አይቀበለውም። ፊርማው የሚረጋገጥበት ቁልፍ አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ላይ ስለሚገኝ ምርመራው ኢንተርኔት አይሻም። አፕት እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ሲወጣ ይህ ጥበቃ አልነበረውም፤ የተጨመረው በ2007 በወጣው ዴቢያን 4.0 ነው።

ለደቡብ ጎንደር ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር በየትኛውም ደብር ሊማር ይችላል፤ በመምህርነት ለመታወቅ ግን በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ለዝማሬ መዋሥዕትም ዙር አምባ አለች። ተማሪው የመጣበት መንገድ አይጠየቅም፤ የያዘው ዜማ ይመረመራል እንጂ። ንጽጽሩ የሚሄደው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ ቤተልሔም የምትመሰክረው ለሰው ሲሆን አፕት የሚመሰክረው ለፋይል ነው። ለፋይል የሚሰጥ ምስክርነት ደግሞ ስለ ሠሪው ልብ የሚለው ነገር የለም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ታይቷል። ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ጥቅል ለዓመታት በፈቃደኝነት የጠበቀው ባለሙያ አቅሙ መመናመኑን በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ረዳት ቀስ በቀስ አመኔታ አግኝቶ በጥቅሉ ውስጥ የተሰወረ በር አስገባ። ነገሩ የተገለጠው በፊርማ ምርመራ አልነበረም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ምክንያቱን በመፈለጉ ነው። የተበከለው ቅጂ የዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች ላይ ደርሷል፤ የተረጋጋው እትም ግን ተርፏል። ፊርማ እንግዲህ የጥቅል ጠባቂውን ድካም አይተካም።

ከኤክስዜድ ይልቅ ደብረ ታቦርን በየሳምንቱ የሚፈትነው ግን ሌላ፣ እዚህ ግባ የማይባል የሚመስል ነገር ነው፤ የማብቂያ ቀን። የዴቢያን የደኅንነት ማሻሻያዎች ማከማቻ መግለጫ ለጥቂት ቀናት ብቻ ጸንቶ እንዲቆይ ተደርጎ ይፈረማል። ምክንያቱ በቂ ነው፦ ተንኮለኛ ሰው አሮጌና ቀዳዳው የታወቀ ዝርዝርን ከነትክክለኛ ፊርማው እየደጋገመ እንዳያቀርብ ነው። ሆኖም ባሕር ዳር ተቀድቶ፣ መንገድ ተዘግቶበት ሁለት ሳምንት የቆየ ፍላሽም ከተንኮለኛው ጋር አብሮ ይወድቃል። ጊዜው አልፎበታል የሚል የስሕተት መልእክት ይመጣል።

እዚህ ላይ ሁለት መውጫዎች ይታሰባሉ። አንደኛው ለዚያ ማከማቻ ብቻ የቀኑን ምርመራ ማንሳት ነው፤ ፊርማው ግን መመርመሩን ይቀጥላል። ሁለተኛው ማከማቻውን በጠቅላላ «የታመነ» ብሎ መሰየም ሲሆን ይህ የፊርማውን ምርመራ ራሱን ይሽራል። ተጠቃሚው ፊት ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የሚያሳጣው የቅጂውን ትኩስነት ማረጋገጫ ነው፤ ሁለተኛው ግን ፍላሹ ባለፈባቸው እጆች ሁሉ ላይ ያለ ምርመራ እምነት መጣል ነው። በቸኮለ ሰው እጅ ሁለተኛው እንደሚያሸንፍ መገመት አያስቸግርም። ልዩነቱን የሚያስረዳው ጽሑፍ ከአፕት ጋር አብሮ የሚጫን ሲሆን ኢንተርኔት በሌለበትም ይነበባል፤ ነገር ግን በተለያዩ የመመሪያ ገጾች ተበታትኖ የሚገኝ፣ የተጻፈውም ግንኙነት የዘወትር ነው ብሎ ለሚያስብ አንባቢ ነው። ተገቢውን ዝርዝር ከግንኙነት ውጪ ካለው ኮምፒውተር ይዞ ሄዶ፣ ኢንተርኔት ካለበት አውርዶ የሚመለሰው አፕት-ኦፍላይን የተባለው መሣሪያ እንኳ በዴቢያን ውስጥ እያለ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። የዴቢያን መጫኛ ፕሮግራም አማርኛ ይናገራል፤ ምስላዊ በሆነው ገጽታው። ተጠቃሚው ስርዓቱን በአማርኛ ጭኖ ሲጨርስ የሚያገኘው አፕት ግን ስሕተቱን በእንግሊዝኛ ይነግረዋል። የአፕት መልእክቶች ኔፓሊኛና የቡታን ቋንቋ ዞንግካ ሳይቀሩ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል፤ ከአማርኛ ጋር ሲነጻጸር የዞንግካ ተናጋሪ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው። እንግዲህ ችግሩ የተናጋሪ ብዛት አይደለም።

ሁለቱን መውጫዎች ለይቶ የሚያስረዳ የአማርኛ መመሪያ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። መጻፉ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ማቆየቱ ግን የዓመታት። ለብዙ ጊዜ መመሪያዎች ሁሉ ቁልፍ ለመጨመር ያዘዙት አፕት-ኪ የተባለ ትእዛዝ ከዴቢያን 13 ተወግዷል፤ በፎቶ ኮፒ የተባዙ አሮጌ ማስታወሻዎች ግን ዛሬም እርሱን ያዝዛሉ።