ሲበርድ የሚጠፋ በሽታ

ሶዶ ላይ ያለ መኪና ፍሬኑ የሚፈተነው ከተማ ውስጥ አይደለም። ከተማችን ከዳሞታ ተራራ ሥር ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የአርባ ምንጩ መንገድ በሁምቦ አድርጎ አባያ ሐይቅ አጠገብ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,200 ይወርዳል። ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ይህን 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን 70 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይካፈሉታል፤ የቀረው በፍሬን ላይ ያርፋል።

ወንድሜ በዚያ መስመር ሚኒባስ ይነዳ በነበረበት ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ለእኔ ፍሬን ማለት ሸራ ነው፤ ሸራው ካላለቀ ፍሬኑ ደህና ነው። አንድ የገበያ ቀን፣ መኪናው ሙሉ ሰው ጭኖ ቁልቁል ሲወርድ ፔዳሉ ላላ፤ ከዚያ እስከ ወለሉ ገባ። ወንድሜ ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬን እየሳበ እንደምንም አቆመው። ጥቂት አርፈው ሲሞክሩት ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠንካራ ሆኗል። ጋራዥ ብንወስደው ምንም አልተገኘበትም። ሸራ እንቀይር ተባለ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ውድ የሆነውን አስመጥተን ቀየርን። ብዙም ሳይቆይ ያው ነገር ተደገመ። ለእናታችን አልነገርናትም። ምክንያቱን ሳናውቅ በመሃል ሰው ስንጭን መሰንበታችን እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በሽታውን ያገኙት አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ጎማ አላስፈቱም፤ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍተው አዩና «ይሄ ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?» አሉ። የሚያውቅ አልነበረም። ዘይቱ ቡና መስሏል።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ በጎማ ቱቦውም በክዳኑ መተንፈሻም የገባውን የአየር እርጥበት ይዞ ያስቀራል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ቁልቁለቱ ላይ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል። ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። መኪናው ጋራዥ የሚደርሰው ድኖ ነው፤ እኛም የምንቀይረው ዓይናችን የሚያየውን ሸራ ነው።

ዘይቱ ተቀይሮ አየር ሲወጣ ፔዳል ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ሆነው «ርገጥ! ያዝ! አትልቀቅ!» ይላሉ፤ ስይዝ ቡሎኑን ይከፍታሉ፣ ጥቁር ዘይት በላስቲክ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ቡሎኑን ሳይዘጉ እግሬን ካነሳሁ አየር ተመልሶ ይገባል። የጀመሩት ከዘይቱ ፓምፕ ከሚርቀው ከኋላው ቀኝ ጎማ ነው፤ ቀጥሎ የኋላው ግራ፣ የፊቱ ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊቱ ግራ። (ቧንቧው በሰያፍ የተከፈለ መኪና የራሱ ተራ አለው፤ የአምራቹን መመሪያ ማየት ነው።) «ጋሼ፣ ጠራ እኮ» ስላቸው «አረፋው አላለቀም» ብለው ቀጠሉ። ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል ወንድሜ እላዩ ላይ ቆሞ ይሞላ ነበር፤ አንዴ ከደረቀ ሥራው ከመጀመሪያው ነው።

ዕቃ ሲመረጥ የካርቶኑን ስም ብቻ አላምንም፤ የታወቀ ስም ያለበት ካርቶን በቀላሉ ተመሳስሎ ይሠራል። በሻንሲ ቁጥር አስፈልጌ ከአሮጌው ጋር አመሳክራለሁ። የአንዱ ጎማ ሸራ ሲቀየር የጓደኛውም አብሮ ይቀየራል፤ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የዲስኩ ውፍረት ተለክቶ ላዩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ጋር ይነጻጸራል። ዘይት የነካውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ እንደ ቁጠባ ይቆጠራል፤ እኔ ግን ሰው በሚጭን መኪና ላይ አልቀበለውም። ጎሚኒን (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ) ደግሞ ቤንዚንም የሞተር ዘይትም ሊነካው አይገባም፤ ያብጥና ይበላሻል። ተከፍቶ የከረመ የፍሬን ዘይት በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

በብዙ ሚኒባስ የሚነዳው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። ሾፌሩ ዘይት ይቀየር ሲል ባለንብረቱ «አልጎደለም እኮ» ይለዋል። እውነት ነው፣ አይጎድልም። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ ይላሉ፤ ለእኛ ቁልቁለት እኔ በየዓመቱ እላለሁ፣ እሱም ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በፊት፣ መስከረም ላይ ሰው ከየአቅጣጫው ወደ ወላይታ ከመጉረፉና ወንበር ከመጥፋቱ አስቀድሞ። ከአንድ ጥንድ ሸራ ያነሰ ገንዘብ ነው፤ ባለንብረቱ ከከለከለ ተሳፋሪ ሳይጫን ሾፌሩ ቁልፉን ይመልስለት።